ነዳጅ ቆጣቢው የቤት ማሞቂያ ስለ ምን ያለ ዕድሜው ይበላሻል

የዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን በወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ፣ የሰሜኑን አገር ቅዝቃዜ ከልጆቻችን መኝታ ስለሚያርቀው፣ በደኅና ሲሠራ ማንም ስለማያስበው፣ በጥር ሌሊት ሲቆም ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ስለሚያውከው መሣሪያ፣ ይኸውም ሁላችን ቦይለር እያልን ስለምንጠራው በጋዝ ስለሚሠራ የቤት ማሞቂያ ነው። ንግግሩ በተለይ የሚመለከተው በብሪታንያ የምትኖሩትን አድማጮቻችንን ነው፤ ነገር ግን የእሳትና የውኃ ጠባይ በየትም አገር አንድ ስለ ሆነ፣ በኔዘርላንድም በጀርመንም በሰሜን አሜሪካም ላላችሁት የሚጠቅም ነገር አይታጣበትም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ቀድሞ በየቤቱ ተተክሎ የነበረው፣ ቀልጦ ከተቀዳ ወፍራም ብረት የተሠራው ከባድ ቦይለር 20፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ያለ ብዙ ችግር ሲያገለግል ታይቷል። በጥበቡ የሚበልጠው፣ ነዳጅ በመቆጠቡ የተመሰገነው አዲሱ ኮንደንሲንግ ቦይለር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል ተብሎ ተገዝቶ፣ ስለ ምን ይሆን በ6ኛው ወይም በ7ኛው ዓመት ዋናው ክፍሉ ተሰንጥቆ፣ ወይም በደለል ተደፍኖ፣ ጥገናው ከዋጋው የማይተናነስ ሆኖ የሚገኘው? ብዙ ሰው መልሱን በአጭሩ፣ «የዛሬ ዕቃ እንደ ድሮው አይደለም» በማለት ይዘጋዋል። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። አዲሱ ቦይለር በባሕርዩ ረቂቅ ነው እንጂ የተናቀ ሥራ አይደለም፤ ያለ ዕድሜው የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጉድለት ሳይሆን፣ ለአሮጌው ቦይለር በተሠራ ቧንቧ ላይ ተተክሎ፣ እንደ አሮጌው ቦይለር እየታየ ስለሚኖር ነው። ስለዚህ ዕድሜው የሚወሰነው ከሁሉ ይልቅ በተተከለበት ዕለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን በምክንያት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ከአባቶቻችን የወረስነው ዕውቀት የለንም። በደጋው አገራችን ብርዱን የምንከላከለው በጋቢና በቡልኮ፣ በምድጃ እሳትና በከሰል ነበርና፣ እናቶቻችን እሳት እንዴት እንደሚዳፈን አስተማሩን እንጂ፣ በዝግ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ውኃ እንዴት እንደሚታመም ሊያስተምሩን አይችሉም ነበር። ከዚህ የተነሣ በሰው አገር ቤት ስንከራይም ሆነ ስንገዛ፣ ማሞቂያውን በሚመለከት የመጣው ባለሙያ ያለውን ሁሉ አምኖ ከመቀበል በቀር መጠየቂያ ቃል ያጥረናል። የዛሬው ንግግር ዓላማ ይህን መጠየቂያ ቃል ማስጨበጥ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ስኮትላንድ እንሂድ። በ1760ዎቹ መጀመሪያ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪምና የኬሚስትሪ ሊቅ ጆሴፍ ብላክ፣ ውኃ ፈልቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ እጅግ ብዙ ሙቀት እንደሚውጥ፣ ነገር ግን ያ ሁሉ ሙቀት በቴርሞሜትር ላይ ፈጽሞ እንደማይታይ መርምሮ አረጋገጠ። ዛሬ በትክክል እንደሚታወቀው፣ አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ከዜሮ ዲግሪ ተነሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለመሞቅ ከሚወስደው ሙቀት ይልቅ፣ በዚያው በ100 ዲግሪ ላይ ሆኖ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚወስደው ከ5 እጥፍ ይበልጣል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ በሚሆንበት ጊዜ ይህን የተሰወረ ሙቀት አንድ ሳያስቀር ይመልሳል። እንጀራ ስንጋግር የአክንባሎውን ውስጥ ወዝ አድርጎ የሚያንጠባጥበው እንፋሎት እጃችንን ከደረቅ ሙቀት ይልቅ አብልጦ የሚያቃጥለን በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ከቦይለር ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና አካሉ ሚቴን ነው፤ ሚቴን ሲቃጠል ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ውኃ ነው፤ ያውም ጥቂት ውኃ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን ተቃጥሎ 2 ኪሎ ከሩብ ውኃ ያወጣል። ይህ ውኃ በጭሱ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ከጋዙ ጠቅላላ ሙቀት 10 በመቶ ያህሉን ተሸክሞ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የድሮው ቦይለር ጭሱን እንደ ጋለ እንዲያወጣ ሆኖ የተሠራው አባካኝ ለመሆን ሳይሆን፣ ውኃው በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ቢወርድ ብረቱን እንደሚበላው ስለ ታወቀ ነበር። አዲሱ ቦይለር ግን ይህንኑ የሚያስፈራውን ጤዛ ሆነ ብሎ ይፈልገዋል፤ ጭሱን በጠባብ መንገድ አሳልፎ፣ ከራዲያተር ቀዝቅዞ በሚመለሰው ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ጭሱ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እንፋሎቱ መርጋት ይጀምራል፤ የተሰወረውም ሙቀት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ «ኮንደንሲንግ»፣ ማለት እንፋሎት የሚያረጋ፣ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። የ1973 የነዳጅ ዋጋ መናር አውሮፓን ባስጨነቃት ጊዜ ይህ ብልሃት ትኩረት አገኘ፤ የራሳቸው የጋዝ ሀብት የነበራቸው ኔዘርላንዳውያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ዐይነት ቦይለር ወደ መኖሪያ ቤት ካስገቡት መካከል ቀዳሚዎች ነበሩ። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ ከሚያዝያ 2005 ጀምሮ በቤት ውስጥ የሚተከል አዲስ የጋዝ ቦይለር፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ኮንደንሲንግ እንዲሆን ደንቡ አዘዘ። በዚያ ደንብ የቤቱ ቦይለር ተለወጠ፤ ራዲያተሩና ቧንቧው ግን የቀድሞው ሆኖ ቀረ። የችግሩ ጥንተ ነገር ይህ ነው።

ይህ ጤዛ እንደ ዝናብ ውኃ ንጹሕ አይደለም። በጭሱ ውስጥ ካሉት ጋዞች ጋር ስለሚዋሐድ ኮምጣጣ፣ ማለት አሲድ ይሆናል፤ ተራውን ብረት ይበላል፤ መዳብንም ይጎዳል። ስለዚህ አምራቾቹ ሙቀት የሚለዋወጥበትን ዋና ክፍል የሚሠሩት ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየምና ከሲሊኮን ውሕድ ነው። ሙቀቱ በፍጥነት ወደ ውኃው እንዲሻገር ግድግዳው ስስ፣ መተላለፊያው ጠባብ መሆን አለበት። አሮጌው ቦይለር በሆዱ ብዙ ውኃ ይዞ፣ በወፍራም ብረቱና በሰፊ መንገዱ ብዙ ጥፋት ይችል ነበር፤ ጭቃ ቢገባበት ከታች ያስቀምጠዋል፤ ፓምፑ ለጊዜው ቢደክም የያዘው ውኃ ይታገሠዋል። አዲሱ ግን የሚይዘው ጥቂት ሊትር ውኃ ብቻ ስለ ሆነ፣ የውኃው መንገድ በከፊል እንኳ ቢጠብ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ቁጠባውና ስስነቱ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ አንዱን የወደደ ሌላውን መጠበቅ ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ገዳዮቹ እንምጣ። ከሁሉ የሚከፋው በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ውኃ ነው። በዝግ ቧንቧ ውስጥ የገባ አዲስ ውኃ አብሮት የሚመጣ ኦክስጅን አለው፤ ይህ ኦክስጅን የራዲያተሩን ብረት ጥቂት አዝጎ ሲያልቅ ውኃው ይሰክናል፤ አዲስ ውኃ ካልተጨመረበት ለረጅም ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ሊኖር ይችላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ኦክስጅን ደጋግሞ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የራዲያተሩ ብረት ከውስጥ እየተበላ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር ደቃቅ ዝገት ይሆናል፤ ይህም ዝገት ማግኔት የሚስበው ስለ ሆነ በፓምፑ ማግኔት ላይ ይከማቻል፤ የቀረውም በቦይለሩ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እየተጋገረ ይቀመጣል። መንገዱ ሲጠብ ውኃው ይዘገያል፤ የዘገየውም ውኃ ስሱን ብረት በተነካበት ቦታ ይፈላል፤ ከቦይለሩ የመንጫጫትና የመንኳኳት ድምፅ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። ብረቱም አንዱ ጎኑ ግሎ ሌላው ቀዝቅዞ ሲኖር በብየዳው ወይም በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በለንደንና በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ደግሞ የቧንቧው ውኃ ኖራ የበዛበት ነውና፣ በተጨመረ ቁጥር በጋለው ቦታ ላይ የኖራ ቅርፊት ያበጅበታል።

«አዲስ ውኃ ከየት ይገባል?» ለሚል ጠያቂ መልሱ ብዙ ጊዜ በገዛ እጃችን ነው። ነገሩን ቀስ ብለን እንከታተለው። በቤት ውስጥ ያለው ቧንቧና ራዲያተር በሙሉ 100 ሊትር ውኃ ቢይዝ፣ ውኃው ከ10 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 3 ሊትር ያህል ይሰፋል። ይህ ትርፍ የሚገባበት፣ በውስጡ የላስቲክ ግድግዳ ያለውና በአንድ ወገን አየር የተሞላ ዕቃ በቦይለሩ ውስጥ ወይም በአጠገቡ አለ። አየሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጎድላል። ሲጎድል የሰፋው ውኃ መግቢያ ያጣል፤ በመለኪያው ላይ ግፊቱ ወደ 3 ባር ይወጣል፤ ያን ጊዜ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውኃውን ወደ ውጭ ያፈስሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ቦይለሩም አልነሣ ይላል። የቤቱ ባለቤት ጠዋት ተነሥቶ ከቦይለሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍቶ አዲስ ውኃ በማስገባት ግፊቱን ወደ 1 ባር ተኩል ይመልስና እፎይ ይላል። ከሁለት ቀን በኋላም እንዲሁ፤ በሳምንቱም እንዲሁ። ያ ሰው በየጊዜው የሚጨምረው ኦክስጅንና ኖራ ቦይለሩን እየገደለው እንደ ሆነ ቢያውቅ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያ ጠርቶ የጎደለውን አየር ባስሞላ፣ ወይም የሚያንጠባጥበውን መገጣጠሚያ ባስጠበቀ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ሳይሠራ መቅረቱ ግን ብዙ ያስከፍላል። በዓመት አንድ ጊዜ ውኃ መጨመር የሚያሰጋ አይደለም፤ በየወሩ መጨመር ግን የሕመም ምልክት ነው።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ፤ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ በእጁ ሊያውቃቸው ይችላል። ራዲያተሩ ከላይ ሞቆ ከታች፣ በተለይም በመካከሉ፣ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደለል ተቀምጦበታል። ከታች ሞቆ ከላይ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ተጠራቅሞበታል፤ ይህንም በቁልፍ ከፍተን እናስተነፍሰዋለን። ነገር ግን ይኸው ነገር በየጥቂት ሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ፣ የሚወጣው ተራ አየር ላይሆን ይችላል፤ ብረት ሲዝግ የሚወለድ ሃይድሮጂን ሊሆን ይችላልና፣ በዚያን ጊዜ ሻማም ክብሪትም ወደ እርሱ ማቅረብ አይገባም። የሚወጣው ውኃ እንደ ቀለም ጥቁር ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም።

ስለዚህ አዲስ ቦይለር በአሮጌ ራዲያተሮች ላይ ሲተከል፣ አስቀድሞ ቧንቧው ሁሉ መታጠብ፣ የታጠበበትም መድኃኒት ፈጽሞ መውጣት፣ ከዚያም ዝገት ከልካይ መድኃኒት መጨመር፣ ወደ ቦይለሩ በሚመለሰው ቧንቧ ላይም ማግኔት ያለው ማጣሪያ መግባት አለበት። በብሪታንያ የሥራ ደረጃ፣ በ2019 በታደሰው ቢ ኤስ 7593 በሚባለው ሰነድ፣ ይህ ሁሉ ተጽፏል። መድኃኒቱም ለዘላለም የሚሠራ አይደለም፤ በየዓመቱ መፈተሽ አለበት። በተለይም አሉሚኒየም ያለበት ቦይለር የውኃው ጠባይ ወደ አሲድም ሆነ ወደ ተቃራኒው ሲያዘነብል የሚጎዳ በመሆኑ፣ ከአጠባው የቀረ ኬሚካል ራሱ ሊበላው ይችላል። አንድ ባለሙያ «ጠዋት መጥቼ ቀትር ላይ እጨርሳለሁ» ሲል ደስ አይበላችሁ፤ መታጠቡ የት ገባ ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ገዳይ ከቤቱ ልክ በላይ የሆነ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ነገር ሲነገር እምብዛም አልሰማሁምና ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። ብዙዎቻችን ያለን ኮምቢ የሚባለው፣ ቤቱንም የሚያሞቀው የመታጠቢያውንም ውኃ በሚፈለግበት ቅጽበት የሚያሞቀው ዐይነት ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሻወር ውኃ በ35 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 24 ኪሎዋት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከ24 እስከ 30 ኪሎዋት ያለው ቦይለር ይገዛል። ነገር ግን አንድ መካከለኛ፣ በግራና በቀኝ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ቤት ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ ለማሞቂያ የሚፈልገው 6 ኪሎዋት ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ውጭው 10 ዲግሪ በሆነበት ለዘብ ባለ የክረምት ቀን ደግሞ ከ3 ኪሎዋት የማይበልጥ ነው። 30 ኪሎዋት ያለው ቦይለር እሳቱን እስከ አንድ አምስተኛ ዝቅ ማድረግ ቢችል፣ ከ6 ኪሎዋት በታች መውረድ አይሆንለትም። 6 እየሰጠ ቤቱ የሚቀበለው 3 ብቻ ሲሆን ምን ይሆናል? ውኃው ፈጥኖ ይሞቃል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ እሳቱ ይነሣል፤ እንዲሁ ሲነሣና ሲወድቅ ይውላል።

በስሌት እንየው። በየ6 ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢነሣ በሰዓት 10 ጊዜ ነው፤ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 100 ጊዜ፤ በ200 የማሞቂያ ቀናት 20,000 ጊዜ። በእያንዳንዱ መነሣት አየር መግፊያው ይሽከረከራል፣ ብልጭታው ይነድዳል፣ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ ብረቱ በድንገት ይሰፋል፤ በእያንዳንዱ መውደቅም ብረቱ ይኮማተራል። እስከ አሥር ዓመት እንዲያገለግል የታሰበው ብልጭታ ሰጪና አየር መግፊያ በጥቂት ዓመታት የሚያልቀው ለዚህ ነው። ከዚህም ጋር አጭር መነሣት ጤዛውን ስለሚያስቀረው፣ ገንዘብ የተከፈለበት ቁጠባም ይጠፋል። ታዲያ ሻጩ «ትልቁን ብትገዙ ይሻላል፣ ይተርፋችኋል» የሚለው ምክር መልካም የሚመስል ነገር ግን የሚጎዳ ምክር ነው። የሙቅ ውኃው ፍላጎት ትልቅ ከሆነ፣ ዝቅ የማለት ችሎታው እስከ አንድ አሥረኛ የሚደርስ ቦይለር መምረጥ፣ አለዚያም በማሞቂያ በኩል ያለውን ከፍተኛ ጉልበት በቅንብሩ ላይ መቀነስ ይቻላል። ይህን ቅንብር ለማስተካከል ደቂቃዎች ብቻ ይበቃሉ፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ተትቶ የሚቀር ግን ስንት ነው!

በዚሁ አንጻር የሚታየው ሌላው ነገር ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውኃ የሙቀት ልክ ነው። ቦይለሩ ብዙ ጊዜ 70 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ይተዋል። በዚህ ልክ የሚመለሰው ውኃ ብዙውን ጊዜ ከ55 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ «ኮንደንሲንግ» የተባለው ቦይለር ጤዛ የሚያወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብረቱም ሁልጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ይደክማል። በእንግሊዝ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ማሞቂያው ሁሉ በአዲስ መልክ ሲሠራ ውኃው ከ55 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተደርጎ እንዲነደፍ የግንባታው ደንብ ያዛል። ኮምቢ ያላችሁ ዛሬውኑ የራዲያተሩን ልክ ወደ 60 ዝቅ አድርጋችሁ ቤቱ ይሞቅ እንደ ሆነ ሞክሩ፤ ቤቱ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ነገር ግን ይሞቃል። ለብቻው የሙቅ ውኃ ጋን ያላችሁ ግን ባለሙያ ሳታማክሩ ዝቅ አታድርጉ፤ በጋኑ ውስጥ የሚቀመጠው ውኃ 60 ዲግሪ ካልደረሰ ሊጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላልና።

ስለ ጤዛው መውጫ ቱቦ ጥቂት ልናገር። በታኅሣሥ 2010 በብሪታንያ የወረደው ብርድ በመቶ ዓመት ውስጥ ያልታየ የታኅሣሥ ብርድ ነበር፤ ያን ጊዜ ከግድግዳ ውጭ የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች በውስጣቸው ያለው ጤዛ በረዶ ሆኖ ተደፈኑ፤ ቦይለሮችም ሙቀት በሚፈለግበት በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቦይለሩ ውስጥ ሲተኛ ብረቱንና ኤሌክትሮኒኩን ይጎዳል። መፍትሔው ቱቦውን በተቻለ መጠን በቤት ውስጥ ማሳለፍ፣ ወደ ውጭ መውጣቱ ግድ ከሆነም 32 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ መጠቀም፣ ማልበስና በቂ ቁልቁለት መስጠት ነው። በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ቦይለሩ የሚተነፍሰውን አየር ከምድር ቤቱ የሚስብ ከሆነ፣ የልብስ ማጠቢያ በረኪና በአጠገቡ አታስቀምጡ፤ ክሎሪኑ ከእሳቱ ጋር ሲያልፍ ጽኑ አሲድ ይሆናል፤ የማይዝገውንም ብረት ይበላዋል።

አንድ የተሳሳተ እምነት ደግሞ በተለይ ተከራዮችን ይጎዳል። በብሪታንያ የ1998 የጋዝ ደኅንነት ደንብ አከራዩ በየ12 ወሩ የጋዝ መሣሪያዎቹን በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምርና የምርመራውን ወረቀት ለተከራዩ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ምርመራ ሕይወትን ከካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ የሚጠብቅ ቅዱስ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቦይለሩን ማደስ ማለት አይደለም። በእድሳት ጊዜ እሳቱ በሚነድበት ክፍል የተጠራቀመው ደለል ይጠረጋል፤ የጤዛው መያዣ ይታጠባል፤ የማሸጊያው ላስቲክ ይታያል፤ የጭሱ ይዘት በመሣሪያ ይለካል፤ የሚሰፋው ውኃ የሚገባበት ዕቃ አየሩ ይፈተሻል፤ የማግኔቱ ማጣሪያም ይጸዳል። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወረቀት ጽፎ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ አልሠራም። የአምራቾቹ የዋስትና ውልም ብዙውን ጊዜ የየዓመቱ እድሳት ማስረጃ ከሌለ የማይጸና ስለ ሆነ፣ ወረቀቱን መጠበቅ ገንዘብን መጠበቅ ነው። ክዳኑን ከፍተን በገዛ እጃችን እንሥራው ማለት ግን በሕግም በአእምሮም የተከለከለ ነው፤ ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ በብሪታንያ በጋዝ ላይ ሊሠራ የሚገባው ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ባለሙያ ብቻ ነው፤ መታወቂያውን እንዲያሳያችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ቦይለር ለመለወጥ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ይህ ቤት በብርዱ ቀን ስንት ኪሎዋት ይፈልጋል፣ በስሌትስ ልታሳየኝ ትችላለህ ወይ? የመረጥክልኝ ቦይለር እስከ ስንት ዝቅ ማለት ይችላል? አሮጌው ቧንቧ በምን ይታጠባል፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ማጣሪያውና ዝገት ከልካዩ መድኃኒት በዋጋው ውስጥ ገብተዋል ወይ? የጤዛው ቱቦ በየት በኩል ይወጣል? ለራዲያተር የሚሄደውን ውኃ ስንት ዲግሪ ላይ ታስቀምጥልኛለህ? እነዚህን በደስታ የሚመልስ ባለሙያ ዋጋው ከሌላው ጥቂት ቢበልጥ እንኳ እርሱን ምረጡ፤ የሚቆጣ ወይም የሚያቃልል ከሆነ ግን አመስግናችሁ አሰናብቱት። ተከራዮችም ብትሆኑ የግፊቱ መለኪያ በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ዝም ብላችሁ ውኃ አትጨምሩ፤ ቀኑን ጽፋችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አስታውቁ። ይህንም ንግግር ያልሰሙ ወላጆችና ጎረቤቶች፣ በተለይም ቋንቋው የሚከብዳቸው አረጋውያን አሉና፣ የመጀመሪያው ብርድ ከመግባቱ በፊት በመስከረም ወደ ቤታቸው ጎራ ብላችሁ መለኪያውንና ራዲያተሮቹን አይታችሁ ንገሯቸው።